ጅቡን በምን እናጫውተው? ለልጆች ተረት የጓንት፣ የካልሲ፣ የጥላ፣ የዘንግና የክር አሻንጉሊት ንጽጽር

የመጀመሪያው ትርኢታችን በሦስተኛው ደቂቃ ተበላሸ። ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ዘጠኝ ክር ያለው የሚያምር ጅብ ነበረን። ከፍየሏ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ የኋላ እግሩ ክር ከፍየሏ አንገት ክር ጋር ተጠላለፈ። እኔ ወደ ላይ ስስብ ፍየሏ ተንጠለጠለች፤ ባልደረባዬ ወደ ታች ስትለቅ ጅቡ በጀርባው ተንጋለለ። ፊት የተቀመጠ የአምስት ዓመት ልጅ ብድግ ብሎ «ፍየሏ አሸነፈችው!» ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ተረቱም እዚያው አለቀ። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኛ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠን ክር በመቀስ ስንቆርጥ አመሸን።

ከዚያ ወዲህ እዚሁ ጎንደር በመዋዕለ ሕፃናት ክፍል፣ በአዳራሽ፣ በግቢ ውስጥ የልደት ድግስ፣ አንዳንዴም በሜዳ ላይ ያልሞከርነው የአሻንጉሊት ዓይነት የለም ማለት ይቻላል። መምህራንና ወላጆች የሚጠይቁን ሁልጊዜ «ለመጀመር የትኛው ይሻላል?» ብለው ነው። እኔ መልሼ የምጠይቀው «የትኛውን ተረት ልታሳዩ ነው?» ብዬ ነው። ጥያቄ በጥያቄ መመለስ ደግ አይደለም ይባላል፤ ነገር ግን አሻንጉሊት የሚመረጠው በውበቱ ወይም በዋጋው ሳይሆን ተረቱ ውስጥ በሚሠራው ሥራ ነው። ሁለት እንስሳት ቆመው የሚከራከሩበት ተረት አለ፤ አንዱ ግዙፍ ሌላው ኢምንት የሚሆንበት፣ ወንዝና ተራራ የሚታለፍበት አለ፤ ሠርግና ጭፈራ ያለበትም አለ። ለአንዱ የሚበጀው አሻንጉሊት ለሌላው ጣጣ ይሆናል።

ክርክር ላለበት ተረት፦ ጓንትና ካልሲ

የእንስሳት ተረታችን አብዛኛው ክርክር ነው። አያ ጅቦ ርቦት ይመጣል፣ እመት ጦጢት በነገር ትይዘዋለች፣ እሱ ይታለላል። እንዲህ ላለው ተረት ከጓንት አሻንጉሊት የሚስተካከል አላየሁም። አመልካች ጣት ራስ ይሆናል፤ አውራ ጣትና የመሐል ጣት ሁለት እጆች ይሆናሉ። አሻንጉሊቱ ሁለት እጅ ስላለው ዳቦ ያነሣል፣ ዱላ ይይዛል፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፣ የሚሰጠውንም በሁለት እጁ ይቀበላል። በአንድ እጇ የተቀበለችን ጦጣ ልጆቹ ራሳቸው «በሁለት እጅ!» ብለው ሲገሥጹ ሰምቻለሁ።

እስክስታም አለ። በጎንደር ልጆች ፊት ሠርግ ያለበት ተረት ያለ እስክስታ ማሳየት አይቻልም። የጓንት አሻንጉሊት ትከሻ ማለት የአጫዋቹ አውራ ጣትና የመሐል ጣት ሥር ነው። ክንድን ሳያንቀሳቅሱ ሁለቱን ጣቶች ብቻ በፍጥነት ሲያርገበግቡ ጨርቁ ልክ እንደ ሰው ትከሻ ይመታል። የክር አሻንጉሊት በዚህ ይሸነፋል፤ ክር ወደ ላይ ይስባል እንጂ ትከሻን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይመታም።

የካልሲ አሻንጉሊት ደግሞ እጅ የለውም፤ አፍ አለው። አውራ ጣት የታችኛው መንጋጋ፣ አራቱ ጣቶች የላይኛው ይሆናሉ። ቀጭኔዋን ጸሐይን በቴሌቪዥን እያዩ ያደጉ ልጆች አፉን የሚከፍት አሻንጉሊት ሲያዩ ወዲያው ያዋሩታል፤ መግቢያ አይፈልጉም። ጀማሪ አጫዋች የሚሳሳተው በእያንዳንዱ ፊደል አፉን ሲከፍት ነው። እንዲህ ሲሆን ጅቡ የሚናገር ሳይሆን ማስቲካ የሚያኝክ ይመስላል። ቃሉ ላይ ጠበቅ ተደርጎ በሚነበበው ቦታ አንድ ጊዜ መክፈት ይበቃል።

ከሁለቱ የትኛው? እኔ ጅቡን ካልሲ፣ ጦጣዋን ጓንት አደርጋለሁ። ጅብ በተረታችን አፍ ነው፤ ይበላል፣ ይጎመጃል፣ ይዋሻል። ጦጣ እጅ ነች፤ ትሰርቃለች፣ ትወጣለች፣ ትጠቁማለች። ይህን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብናል። መጀመሪያ ሁሉንም አንድ ዓይነት ስናደርግ ተረቱ ለምን እንደሚቀዘቅዝ አልገባንም ነበር።

ምሳሌ ልስጥ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለውን ተረትና ምሳሌ ወደ አሥር ደቂቃ ጨዋታ ዘርግተነዋል። እንግዳው ጅብ ይመጣል፤ የማያውቁት ባላገሮች በክብር ተቀብለው ቁርበት ያነጥፉለታል፤ ይመሻል። ቁርበቱ ከመጋረጃው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ እውነተኛ የቆዳ ቁራጭ ነው። ባለቤቲቱ ዞር ስትል የጅቡ አፍ ጫፉን ይይዝና ትንሽ ወደ ታች ይስባል። ልጆቹ «በላው! በላው!» ይላሉ። ባለቤቲቱ ዘወር ስትል ጅቡ ተኝቷል፣ ያንኮራፋል። ቁርበቱ ግን አንድ ስንዝር አጥሯል። ይህ አራት አምስት ጊዜ ይደገማል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ጩኸቱ ይጨምራል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ካልሲ፣ አንድ ጓንትና አንድ የቆዳ ቁራጭ ነው።

ጉድለቱን አልደብቅም። የጓንት አሻንጉሊት ቁመቱ ወደ 30 ሴንቲሜትር ስለሆነ ልጆቹ ከአርባ ሲያልፉ የኋላዎቹ አያዩም፤ ወንበር ላይ መቆም ይጀምራሉ። አንድ አጫዋች ከሁለት ገጸ ባሕርያት በላይ በአንድ ጊዜ ማሳየት አይችልም። ሦስቱን በሬዎችና አንበሳውን ለማሳየት የግድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እሱም በሬዎቹ አንድ ላይ ሆነው አንበሳውን የሚያባርሩበት ቦታ ላይ አራቱም እጆች ስለሚያዙ ከበሮ የሚመታ ሦስተኛ ሰው ቢኖር መልካም ነው።

ሲሠራም ቀላል ነው። ከልብስ ሰፊ የሚጣል ብጣሽ ጨርቅ፣ ለዓይን ቁልፍ፣ ለራስ ጋዜጣና የዱቄት ሙጫ። በበጋ ራሱ በሁለት ቀን ይደርቃል፤ በሐምሌ ግን ሳምንት ቆይቶም ሊሻግት ይችላል፤ ስለዚህ በክረምት ስፖንጅ ቆርጦ ቅርጽ ማውጣት ይሻላል። አንዳንዶች ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ወለቃ የሸክላ ምስሎች አይተው ራሱን በሸክላ ለማሠራት ያስባሉ። ምስሎቹ ውብ ናቸው፤ አሻንጉሊት ጣት ላይ ግን ሸክላ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድንጋይ ነው፣ ሲወድቅም ይሰበራል። ለመደርደሪያ ይግዟቸው።

መጠን ለሚለዋወጥበት ተረት፦ ጥላ

ስንዝሮን በጓንት ለማሳየት ሞክረን ነበር። ስሙ እንደሚለው ቁመቱ ስንዝር የሆነ ልጅ ነው፤ የተረቱ ጣዕም ያለው እሱ ትንሽ፣ ጠላቶቹና ቤቱ ትልቅ መሆናቸው ላይ ነው። ሁሉም አሻንጉሊት ስንዝር ተኩል ሲሆን ስንዝሮ ምኑ ነው ትንሽ? እዚህ ላይ የጥላ ትርኢት ይመጣል።

ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሚሆን አቡጀዲ ወጥሮ ማሰር፣ ከኋላው ሜትር ተኩል ያህል ርቆ መብራት ማስቀመጥ፣ በመካከላቸው ከካርቶን የተቆረጠ ምስል መያዝ። ምስሉ ጨርቁን ሲነካ ጥላው ትንሽና ጥርት ያለ ይሆናል፤ ወደ መብራቱ ሲጠጋ ይገዝፋል፣ ዳርና ዳሩም ይደበዝዛል። ስለዚህ ስንዝሮን ጨርቁ ላይ ለጥፈው ይይዙታል፤ የሚያስፈራውን ከመብራቱ አጠገብ ይጀምሩና ቀስ እያሉ ያመጡታል። ልጆቹ የሚያዩት መጀመሪያ ግድግዳ ሙሉ ጥቁር ነገር ነው። ምስሉ ወደ ጨርቁ እየተጠጋ ሲመጣ ጥላው እያነሰ ሄዶ መጨረሻ ላይ ተራ ቀበሮ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ የበለጠ ሳቅ የሚያመጣ ነገር በጓንት አላገኘሁም።

ለጎንደር ልጆች ጥላ ሌላም ጥቅም አለው። አፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ለካርቶን የተፈጠረ ይመስላል፤ አራት ማዕዘን ሕንፃ፣ በየማዕዘኑ ጉልላት ያለው ክብ ማማ፣ ከላይ ጥርስ ጥርስ ያለ ዙሪያ። በመቀስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ጥላው ጨርቁ ላይ ሲያርፍ «ፋሲል! ፋሲል!» የማይል ልጅ የለም። ከዚያ በኋላ ንጉሡ የሚኖርበትን ቤት ማስረዳት አያስፈልግም።

ካርቶን ጥቁር ጥላ ብቻ ነው የሚሰጠው። ቀለም ያለው ጥላ የሚፈልግ ሰው ቆዳ ይጠቀማል፤ ቱርኮች ካራጎዝ ለሚባለው የጥላ ትርኢታቸው ከግመል ቆዳ ይቀርጻሉ። እኛ ዘንድ ብራና አለ። ከፍየል ቆዳ በቀጭኑ የተፋቀ ብራና ብርሃን ያሳልፋል፤ ቀለም ሲቀባ ጥላው በቀለሙ ይታያል። ብራና ፋቂ ከሚያውቁ ሰዎች ለመጽሐፍ የማይሆን ቀዳዳ ያለበት ቁራጭ ለምነን ሁለት ወፎች ሠርተናል። የተጻፈበትን ግን ምንም ያረጀ ቢሆን አንነካም።

አሁን ወደ ችግሩ። ጥላ ጨለማ ይፈልጋል፤ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍሎቻችን ደግሞ ሰፊ መስኮት ያላቸው ናቸው፣ ትርኢቱም ብዙ ጊዜ በጠዋት ነው። በጥቅምት ፀሐይ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነን እንኳ ጥላው ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። በክረምት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ የጓንት ጨዋታ ዋጋ የለውም፤ ጮኸው እንኳ ሁለተኛው ረድፍ አይሰማም። ክፍሉ ግን ጨልሟል። በክረምት ትምህርት ጊዜ ንግግር የሌለው የጥላ ተረት አዘጋጅተው ይጠብቁ፤ ዝናቡ ሲጀምር ያውጡት። ዝናብ የሚዘንብበትን ተረት ከመረጡ የጣሪያው ድምፅ በነፃ የተገኘ ሙዚቃ ነው።

ዝናቡ ሲመጣ መብራት ሊሄድ ይችላል ብለው የሚሰጉ ከሆነ አይስጉ። በእኛ ላይ ደርሶ ነበር። ትርኢቱ መካከል መብራት ጠፋ፤ አንዷ እናት የሞባይል ስልኳን መብራት አብርታ አቀበለችን። ከአምፑሉ የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ የብርሃኑ ምንጭ ትንሽ ነጥብ ስለሆነ ጥላው ይበልጥ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ አምፑል አልተጠቀምንም። ረጅሙ የዱላ መብራት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ ጥላውን ያደበዝዘዋል። በኩራዝ የሚሞክር ካለ ግን እንዳይሞክር፤ ጨርቅ፣ ካርቶንና ሃያ ልጅ ባለበት ክፍል እሳት አይገባም።

ዘንግና ክር

በዘንግ የሚያዘው አሻንጉሊት አጫዋቹ ከታች ሆኖ አንዱን ዘንግ ለራስና ለገላ፣ ሁለቱን ቀጫጭን ለእጆች የሚይዝበት ነው። ሞስኮ ውስጥ በ1931 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሰርጌይ ኦብራዝሶቭ ቴአትር ስሙን ካስጠሩት ነገሮች አንዱ ይህ ዓይነት ነው። ዋናው ጥቅሙ ትልቅ መሆኑ ነው። ሜዳ ላይ መቶ ልጅ ተቀምጦ አንበሳውን ለማሳየት ከዘንግ የተሻለ የለም። ለራስ የሚሆን ቅል ነው፤ ቀላል፣ ጠንካራ፣ ክብ፣ አፍንጫውን አንገቱ ይሠራልዎታል። ክንድ ግን ይደክማል። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እጅን ከራስ በላይ ይዞ ማቆየት ቀላል አይደለም፤ አንበሳው ወደ ተረቱ መጨረሻ ሲጠጋ እያጠረ ይሄዳል። አንበሳውን ለመግቢያና ለመጨረሻ ብቻ ያውጡት።

ክርን በተመለከተ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ። ለብዙ ወራት መለማመድ የሚችል፣ ከላይ የሚቆምበት መድረክ ያለው ሰው ይሞክረው። በትክክል ሲያዝ የሚራመድ፣ የሚቀመጥ፣ የሚተነፍስ የሚመስል ይህ ብቻ ነው፤ አይካድም። ለትምህርት ቤት በሳምንት አንድ ጊዜ ተረት ለሚያሳይ መምህር ግን አይመከርም። በሜዳማ ቦታ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ሁሉም ክር ራሱን ያጫውታል።

የእኛ ተረት ወይስ የውጭው?

ይህን ጥያቄ በተለይ ከተማ ያደጉ ወላጆች ያነሣሉ፤ ልጆቻቸው ሲንደሬላን በስልክ አይተዋልና። እኔ አንዱን ከአንዱ አላባርርም። ሲንደሬላ ለጥላ ትርኢት የታደለ ተረት ነው፤ ዱባ ሠረገላ ሲሆን በጓንት ለማሳየት ግራ ያጋባል፣ በጥላ ግን ሁለት ካርቶን ማፈራረቅ ነው። ሦስቱ አሳማዎች ግን እዚህ ብዙ ቤተሰብ ፊት ያሳፍራል፤ ግልገሎች ያድርጓቸው፣ ተረቱ ምንም አይጎድልበትም።

ቀይ ቆብ ያደረገችው ልጅ ተረት ላይ ቆም ብለው ያስቡ። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ተረት ተኩላው ልጅቷን ይበላትና በዚያው ያልቃል። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ግሪም በ1812 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደግሞ አዳኝ መጥቶ የተኩላውን ሆድ ቀዶ አያትና የልጅ ልጅን ያወጣቸዋል። ለልጆች የሁለተኛውን ይምረጡ፤ በካልሲው ሆድ ላይ ዚፕ ማሰፋት ብቻ ነው። ነገር ግን ተኩላው ራሱ ችግር አለው። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሰሜን ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የሚበላው አይጥ ነው፤ የእኛ ልጆች በእሱ አይፈሩም። ማታ ከከተማው ዳር የሚጮኸውን ጅብ ግን ሁሉም ሰምቶታል። ተኩላውን ጅብ ካደረጉት ተረቱ በአንድ ቀን የጎንደር ይሆናል፤ ልጅቷም ለአያቷ ኬክ ሳይሆን ድፎ ዳቦ ትወስዳለች።

በቀረው ጉዳይ ግን የእኛ ተረት ያሸንፋል፤ ምክንያቱ አገር ወዳድነት አይደለም፣ ልጆቹ መግባት የሚችሉበት በር ስላለው ነው። «ተረት ተረት!» ሲባል «የላም በረት!» ብለው ይመልሳሉ፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተመልካች አይደሉም። አባባ ተስፋዬ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን የያዙት እንዲህ በጥሪና በወግ ነው። እንቆቅልሽም አለ። በትርኢቱ መካከል ትዕይንት ስንለውጥ ጅቡ ብቻውን ይወጣና ልጆቹ «እንቆቅልህ!» ይሉታል፤ «ምን አውቅልህ» ይላቸዋል፤ አንዱንም አይመልስም። «አገር ስጠን!» ይሉታል። አንድ ቀን ጅቡ ደባርቅን ቢሰጣቸው እምቢ አሉ። ደብረ ታቦርን ቢሰጣቸው እምቢ አሉ። «እሺ አዘዞን ሰጠኋችሁ» ሲላቸው ከኋላ አንድ ልጅ ተነሥቶ «አዘዞ የእኛ ነው፣ አትሰጥም!» ብሎ ጮኸ። ከመጋረጃው ጀርባ በሳቅ ምክንያት ለሁለት ደቂቃ ያህል ትዕይንቱን መቀጠል አልቻልንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአለቃ ገብረሃናን ቀልዶች በአሻንጉሊት ለማሳየት የሚመኝ ሰው በየጊዜው ይመጣል። ጨዋታቸው ያለው በቃሉ መታጠፍ ላይ ነው፤ ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ሰሙን እንጂ ወርቁን አያገኝም። ለአዋቂዎች ማታ ያቆዩት።

ፍርሃት

ዕድሜ ከሁሉም ምርጫ በላይ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ላሉት አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ገጸ ባሕርያት፣ ብርሃን ያለበት ክፍል፣ ጓንት ወይም ካልሲ። ጥላን ከስድስት ዓመት በኋላ ያቆዩት፤ ጨለማውም ግዝፈቱም ትንንሾቹን ያስለቅሳል። አንድ ጊዜ ጅቡ ገና ሳይናገር፣ ጆሮው ብቻ ከመጋረጃው በላይ ብቅ ሲል፣ አንዲት ልጅ እያለቀሰች ወደ በሩ ሮጠች። ቤቷ ከከተማው ዳር ነበር፤ ጅቡ ለእሷ ተረት አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ከመጋረጃው ፊት ወጥቼ ባዶ ካልሲ አሳየኋቸው፤ እጄን ከተትኩ፣ ዓይኑን አስተካከልኩ፣ ጅቡ «እንደምን አደራችሁ፣ አያ ጅቦ እባላለሁ፣ ርቦኛል» አለ። ያቺው ልጅ ከፊት ረድፍ ሆና «እኔ ዳቦ አለኝ» አለችው። አሁን ለትንንሾቹ ሁልጊዜ እንዲህ እንጀምራለን፤ አስማቱ ይጠፋል የሚሉ አሉ፣ አልጠፋም።

ሲጨርሱ ማስቀመጫውን ያስቡበት። የጥላ ካርቶኖች በጋዜጣ መካከል ተኝተው ይቀመጡ፤ ካልሲና ጓንት ይታጠቡ። በዱቄት ሙጫ የተሠሩ ራሶች ግን መሬት ላይ በካርቶን ሣጥን እንዳይቀመጡ፤ በከረጢት አድርገው ከጣሪያው ላይ ያንጠልጥሏቸው። የእኛ የመጀመሪያዋ ጦጣ አንድ ጆሮዋን ያጣችው በአይጥ ነው። ልጆቹ ግን ጅቡ ከጦጣዋ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አድሮ እንደነበር ስለሚያውቁ፣ እስካሁን ሌላ ተጠርጣሪ አይቀበሉም።